ጨርቁን ከየት አመጣው?

ቲቸር ከታክሲ ሲወርድ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየማችን ዋና በር ፊት ለፊት። ከእጥበት መምጣቱ ነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ያለበት ቤት ያውቀዋል፤ ከማሽኑ የተነሣ ሰው እግሩ ቶሎ አይታዘዝለትም። አልፌው መሄድ ከበደኝና እኔም እርምጃዬን ቀነስኩ።

በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል። ጠዋት አልነበረም። የቲቸር ፎቶ ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ ዓይኑ ገርበብ ብሎ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ። ከላይ በቀይ ቀለም «ወገን ለወገን ደራሽ ነው» ይላል። ከታች ስሙ፣ ሕመሙ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ።

ቲቸር ቆመ። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ፎቶው እንኳን አምሮ አልወጣም» አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በዋናው በር ሲገባ አይቼው አላውቅም። በጀርባ፣ በቆሻሻ ገንዳው በኩል ነው የሚመጣው። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ደህና ሰው እንኳን አይደፍረውም። ያንን ጨርሶ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ይጠብቀዋል፤ የኛ ሕንፃ ሊፍት የለውም።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ባነሩን የሰቀሉት ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ቀላል ነበር። ተናድጄ እተወው ነበር። ግን አይደሉም። የብሎካችን ኮሚቴ ናቸው። ያሳተሙት ከኪሳቸው አዋጥተው ነው። የዕረፍት ቀናቸውን ሰውተው በየብሎኩ ዞረዋል። ገንዘቡም ገብቷል፤ ቲቸር በሳምንት ሁለቴ የሚታጠበው በዚያ ገንዘብ ነው። ታዲያ እኔን ምን ይከነክነኛል? «የሰው ፊት እሳት ነው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቲቸር ግን የገዛ ፊቱን ነው የሸሸው።

የሚካኤል ጽዋ

ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ አለን። ከየብሎኩ የተሰባሰብን ጎረቤቶች ነን። እዚህ ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር። ከልደታ የመጣ አለ፣ ከፒያሳ የተነሣ አለ፣ ዕጣ ከወጣለት ሰው የገዛም አለ። ያስተዋወቀን ይህ ጽዋ ነው። ቲቸርም አባል ነው። የዚያን ወር ግን አልመጣም።

ድርሳኑ ተነበበ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ከዚያ ወሬው ወደ ቲቸር ዞረ። ብሩ እያለቀ ነው። ምን ይሻላል? አንዱ «ቲክቶክ ላይ ላይቭ እንግባ» አለ። ሌላው «ውጭ ያሉት ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ የሐኪም ወረቀቱን ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው» አለ። አንዷ ደግሞ ልጆቹ በቪዲዮው ላይ ቢታዩ የሰው ልብ ይራራል አለች። የተቃወመ የለም። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም የጽዋው መሪ፣ ነገሩን ሊቋጭ ሲል ከጥግ በኩል እማሆይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እማሆይ የመንዝ ሰው ናቸው። ምድር ላይ ባለው ቤት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሌሊት ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማል። ሰው መሀል ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩ ደግሞ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ስለሚመስል ወጣቶቹ ቀስ ብለው ስልካቸውን ያወጣሉ።

«አቤሜሌክን ታውቁታላችሁ?» አሉ።

«66 ዓመት የተኛው ነዋ!» አለ አንዱ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ አያመልጠውም።

«እሱ» አሉ እማሆይ። ከዚያ ተረፈ ባሮክ ላይ ያለውን ታሪክ ያዙ። ኤርምያስ አቤሜሌክን በለስ ለቅመህ አምጣ ብሎ እርሻ ይልከዋል። በለሱ ለሕመምተኞች የሚሰጥ ነው። ሰውዬው ለቅሞ ሲመለስ ፀሐይ በረታበት። ዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ አረፍ ልበል አለና ተኛ። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል። ከተማዋ ፈርሳለች፣ ሕዝቡ ተማርኳል። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው በለስ ግን ገና ወተቱ እንኳን አልደረቀም።

«ለምን ይመስላችኋል የተኛ? ያን ክፉ ቀን እንዳያይ እግዜር ጋርዶት ነው። የለመነለት ኤርምያስ ነው። ከጭቃ ያወጣኝ ሰው ነው፣ የከተማዋን ጥፋት አታሳየው ብሎ።» ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «ያወጣው በገመድ ነው። ገመዱስ እሺ፣ ገመድ የትም አለ። ጨርቁን ከየት አመጣው?»

ማንም አልመለሰም። አንድ ጎረምሳ «ከሳልባጅ ተራ ይሆናላ!» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እማሆይም ሳቁ። ሙሴው «እግዜር ይስጥልን እማሆይ» ብሎ ወደ ቲክቶኩ ተመለሰ።

አለቆቹም ገመድ ነበራቸው

ማታ ቤቴ ገብቼ ትንቢተ ኤርምያስን ከፈትኩ። ምዕራፍ 38። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው። ግን ስንት ነገር ሰምተን እናልፋለን።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት 587 ወይም 586 ላይ ትወድቃለች፤ ጥቂት ነው የቀራት። ከተማው ውስጥ እንጀራ አልቋል። ኤርምያስ ደግሞ «ወደ ባቢሎናውያን የወጣ በሕይወት ይኖራል» እያለ በአደባባይ ይናገራል። በጦርነት መሀል እንዲህ የሚል ሰው ማን ይወዳል? አራት አለቆች ንጉሡ ሴዴቅያስ ዘንድ ገብተው ይሙትልን አሉ፤ የወታደሩን እጅ እያደከመ ነው ብለው። ንጉሡም «በእጃችሁ ነው፤ እኔ በእናንተ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም» አለ። ንጉሥ ነው ይህን የሚለው!

ወስደው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። ጉድጓዱ ውኃ የለውም፤ ጭቃ ብቻ ነው። ኤርምያስ ጭቃው ውስጥ ገባ። እዚህ ጋ ቆም አልኩ። ቁጥር 6 «በገመድ አወረዱት» ይላል። ይህን ቀድሞ ልብ ብዬው አላውቅም። ሁልጊዜ በሐሳቤ ወርውረው ሲጥሉት ነበር የማየው። ለካ በሥርዓት ነው ያወረዱት። አጥንቱ እንዳይሰበር ይሁን እጃቸው በደም እንዳይነካ አላውቅም። ብቻ ገመድ ነበራቸው።

ያወረደውም ገመድ ነው፣ ያወጣውም ገመድ ነው። አቅጣጫው ይለያያል፣ ልክ ነው። አንዱ ሊገድል ነው፣ ሌላው ሊያድን። ግን ጭቃ ውስጥ ላለው ሰው፣ ብብቱ ላይ የሚሰማው ገመድ ያው ገመድ ነው። የአቤሜሌክን ገመድ ከአለቆቹ ገመድ ለይቶ ለሰውነቱ የነገረው አንድ እቅፍ ቡትቶ ነው።

አቤሜሌክ ማን ነው? ኢትዮጵያዊ፣ ጃንደረባ፣ በንጉሡ ቤት የሚያገለግል። አገሩ አይደለም፤ ወገን የለውም። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር። በር ማለት በዚያ ዘመን አደባባይ ነው፤ ሰው ሁሉ ያያል። አቤሜሌክ እዚያው ሄዶ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል፣ እዚያ በራብ ይሞታል» አለው። ምንም ማድረግ አልችልም ያለው ያው ንጉሥ አሁን «30 ሰዎች ይዘህ ሂድና አውጣው» አለ። ሴዴቅያስ መጨረሻ ላይ ያናገረው ሰው የሚያሸንፈው ዓይነት ሰው ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት አለቃ ያጋጠመው ሰው ያውቀዋል።

ለምን 30? አንድ ሽማግሌ ለመጎተት ይበዛል። ምናልባት ሁሉም በራብ ስለደከሙ ይሆናል። ምናልባት አለቆቹ መንገድ ላይ ቢመጡ ለመከላከል ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል እዚህ ይሠራል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

30 ሰው ተሰልፏል። የንጉሥ ትእዛዝ ተይዟል። ሽማግሌው ጭቃ ውስጥ እየተራበ ነው። አለቆቹ ከሰሙ ነገሩ ይበላሻል፤ ንጉሡም ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ማንም ሰው በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። አቤሜሌክ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ንጉሡ ቤት ነው። ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ይዞ ወጣ። የእማሆይ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ቁጥር 11 ላይ ተጽፏል።

ይህን ሰው እስቲ አስቡት። ቤተ መንግሥት ውስጥ ይኖራል። ወርቁ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ብዙ ነው። ቡትቶው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ያለቀ ልብስ የት እንደሚጣል የሚያውቅ ሰው ወይ ራሱ ለብሶት ያውቃል፣ ወይ ለሚለብሱት ሰጥቶ ያውቃል። ይህን መጽሐፉ አይልም፤ እኔ ነኝ የምለው። ግን ሌላ እንዴት ያስኬዳል? ገመዱን ሲያስብ ብብቱን ያሰበ ሰው፣ አንድ ቀን በገመድ ታስሮ ያውቃል።

«ሰው እየሞተ ስለ ብብት ይታሰባል እንዴ? ቁስል ይድናል» የሚል አይጠፋም። እኔም ብሆን ይህን ልል እችል ነበር። ለጭቃው ሰው ግን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤርምያስ ተገርፏል፣ በግንድ ታስሯል፣ ታስሮ ተራቧል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገመዱ ብብቴን ይቆርጠዋል ወይ ብሎ ያሰበለት ሰው ስለ መኖሩ አላነበብኩም።

ደግሞ ጨርቁን ዝም ብሎ አልወረወረለትም። በገመድ አወረደለት። ከላይ ሆኖ አናገረው፦ ጨርቁን ብብትህ ሥር፣ ከገመዱ በታች አድርገው አለው። «ኤርምያስም እንዲሁ አደረገ» ይላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ለራሱ መዳን አንድ ነገር ሠራ። ጨርቁን በገዛ እጁ አስተካከለ። 30 ሰው ከላይ ቆሞ እሱን ጠበቀው።

የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ

እማሆይ ከጽዋው በኋላ ያደረጉትን የሰማሁት ከልጃቸው ነው። እሳቸው አይናገሩም።

ደረጃውን ወጥተው የቲቸርን በር አንኳኩ። ቲቸር ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ትምህርት ቤት መሄድ አቁሟል። ሊጠይቁት የመጡ መስሎት ትራሱን አስተካክሎ ተቀመጠ። እማሆይ ግን «ችግር ገጥሞኝ ነው የመጣሁት» አሉት። የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ናት። ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ሒሳብ አልገባ ብሏታል።

«እማሆይ፣ እኔ እኮ ሕመምተኛ ነኝ» አላቸው።

«አፍህን አላመመህ» አሉት። «ተኝተህም ቢሆን አስተምርልኝ።»

ክፍያውን እሳቸው ተመኑት። ቲቸር ከእርስዎማ አልቀበልም አለ። «እንግዲያው ሌላ አስተማሪ ልፈልግ፤ በነፃ የሚማር ልጅ አያጠናም» ብለው ሊነሡ ሲሉ ተስማማ። ልጅቷ እጥበት በሌለበት ቀን እየወጣች መማር ጀመረች። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ተከተላት። ከዚያ ከሌላ ብሎክ መጡ። አሁን ማታ ማታ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ጫማ ተደርድሮ ታያላችሁ። ቲቸር ሲቆጣ ድምፁ ምድር ድረስ ይወርዳል። ከመታመሙ በፊት እንዲህ ሲቆጣ አልሰማሁትም ነበር፤ ምናልባት ያኔ ትምህርት ቤቱ ነበር የሚሰማው።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ቦዔዝ ነው። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2። ሩት ሞዓባዊት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ የምትለቅም። ቦዔዝ ሀብታም ነው፤ አንድ ጆንያ ገብስ አሸክሞ ቤቷ ሊሰዳት ይችል ነበር። እሱ ግን ሠራተኞቹን ጠርቶ ከነዶው እየመዘዛችሁ ሆን ብላችሁ ጣሉላት፣ እሷም ትልቀም፣ አትውቀሷት አላቸው። ሩት ቀኑን ሙሉ ለቀመች፤ ማታ ወቃችው፤ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነላት። የላቧ ነው። አማቷ ፊት ይዛው ስትገባ «ሰጡኝ» አላለችም፤ «ዛሬ የሠራሁበት ሰው ስሙ ቦዔዝ ነው» ነው ያለችው። በእርግጥ ቦዔዝ በኋላ ሳያስለቅምም ሰጥቷታል። መጀመሪያ ግን ያስለቀማት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

ከአባቶች የምንተርከውና የማንተርከው

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ከኛ ሕንፃ ጣሪያ ዝቋላ ይታያል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ስለ 60ው አንበሳና ስለ 60ው ነብር ልጆቻችን ሳይቀሩ ይተርካሉ። ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዴ ከቅዱሳን ታሪክ ውስጥ ትንግርቱን ብቻ እየመረጥን እናነሣለን መሰለኝ። ስንት ዓመት ቆመ፣ ስንት ቀን ጾመ፣ ምን ተአምር ሠራ። ሰው ላይ እንዴት እጃቸውን እንዳሳረፉ የሚናገረውን እናልፈዋለን።

የግብፅ በረሃ አባቶችን ውሰዱ። አባ ጴሜንን አንዳንድ አረጋውያን ጠየቁት፦ ወንድሞች ጸሎት ላይ ሲያንቀላፉ ብናይ እንቀስቅሳቸው? እኔስ ወንድሜ ሲያንቀላፋ ባይ ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳርፈዋለሁ አለ። በቃ፣ ይኼው ነው። ታላቁ አባ መቃርስ ደግሞ በአስቄጥስ በረሃ «ምድራዊ አምላክ» እስኪባል ድረስ ተከብሯል። ምክንያቱን ስታነቡ ተአምር አይደለም። እግዚአብሔር ዓለምን እንደሚሸፍን እሱም ያየውን የሰው ጉድለት እንዳላየ፣ የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ይሸፍን ስለነበር ነው። ገመና ሸፋኝ ሰው ነበር ማለት ነው።

አባ ሙሴ ጸሊም ለኛ ቅርብ ነው፤ ሰኔ 24 ይታሰባል። ከመመንኮሱ በፊት ወንበዴ ነበር። አንድ ወንድም አጥፍቶ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴ አልመጣም አለ። ሲጠሩት ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይንጠባጠባል። ምንድን ነው ሲሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ አላየውም፤ ዛሬ ደግሞ በሌላው ልፈርድ መጣሁ» አለ። ያን ወንድም ይቅር አሉት። ስሙ ግን ለኛ አልደረሰንም፤ ምን እንዳጠፋም አልተጻፈም። ታሪኩን ያቆዩልን አባቶች እሱንም ሸፍነውታል።

የቴሌግራሙን የሐኪም ወረቀት ሳስብ ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ ትዝ ይለኛል። የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት በአንጾኪያ ሳለ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ሲሰብክ ለማኝን እንደ መርማሪ የሚጠይቁ ሰዎችን ገሥጿል። ማን ነህ፣ ከየት ነህ፣ ሕይወትህ እንዴት ነው እያሉ። የድሃ ማስረጃው ማጣቱ ብቻ ነው ይላቸዋል። በእርግጥ እሱ ቴሌግራም ላይ በሐሰት ስም የሚለምኑትን አላያቸውም። እኛ አይተናል። ቢሆንም አንድ ማኅበር፣ በየወሩ ከአንድ ጽዋ አብሮት የሚጠጣውን ሰው ወረቀት ለማያውቀው ሕዝብ መዘርጋት ሌላ ነገር ነው።

ዘፍጥረት 9 ላይ ሴምና ያፌት አባታቸው ዕራቁቱን ሲሆን ልብስ ትከሻቸው ላይ አድርገው የኋሊት ሄዱ። ፊታቸውን አዙረው አለበሱት። ካም ያየውን ወጥቶ ለወንድሞቹ ተናገረ። ባነር ባይኖረውም።

ጨርቅ ብቻውን

ይህን ሁሉ ለብሎኩ ሰብሳቢ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ እማሆይ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ግን በጥናት ብር እጥበት አይከፈልም። ጨርቅ ብቻ ቢወርድለት ኤርምያስ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይቀር ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው። የልጆቹ ክፍያ የታክሲና የመድኃኒት ጥቂት ይሸፍናል እንጂ ማሽኑን አይነካም። ትልቁን ብር ያመጣው ባነሩ ነው። ከማያውቁት ሰዎች የመጣ ብር፣ ፎቶውን አይተው አዝነው ያስገቡት። ያ ብር ባይኖር ዛሬ ስለ ክብሩ የምጨነቅለት ቲቸር ላይኖር ይችላል። ስለ ክብር መጻፍ ለጤነኛ ሰው ይቀላል።

ሰብሳቢው ግን ነገሩን አልተወውም። ነሐሴ ላይ ንፋስና ዝናብ ባነሩን ቀዶት ሌላ ማሳተም ሲያስፈልግ መጀመሪያ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። «የቱን ፎቶ እናድርግ?» ብሎ ጠየቀው። ቲቸር ስልኩን ከፍቶ ብዙ ፈለገ። ጋዋን ለብሶ፣ ጠመኔ ይዞ፣ ሰሌዳ ፊት የቆመበትን መረጠ። ከኋላው ግማሹ የተጠፋ እኩልታ አለ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ተሳስቷል እኮ» ብሎት ደረጃው ላይ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ።

አዲሱ ባነር የቀድሞውን ያህል ብር ያመጣል? እስካሁን እንዳየሁት አያመጣም። ሰብሳቢውም ነግሮኛል። ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያይ የማያዝን ሰው ብዙ ነው። ቲክቶኩም ገና አልተቋጨም፤ በየጽዋው ይነሣል። ቲቸር ልጆቼን አታሳዩ ብሏል፣ እሱን ተቀብለውታል። የሐኪም ወረቀቱን በተመለከተ ግን ግማሹ ማኅበር አሁንም ይለቀቅ ባይ ነው። ቲቸርም አሁንም በጀርባ በር ነው የሚገባው። ለምዶት ይሆናል። ወይም የቆሻሻ ገንዳው ጋ ያለው ሱቅ ዱቤ ስለሚሰጠው ይሆናል። አልጠየቅኩትም።

የምትፈራቸው ሰዎች

አንድ ነገር ቀረኝ። ምዕራፍ 38ን ሳነብ አቤሜሌክ ደፋር ሰው መስሎኝ ነበር። ንጉሥ ፊት በአደባባይ ቆሞ አራት አለቆችን የከሰሰ ሰው ነው። መፍራቱን የሚናገር አንዲት ቃል የለም። ምዕራፍ 39 ላይ ግን፣ ከተማዋ ልትወድቅ ስትል፣ እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል መልእክት ይልክለታል። ኤርምያስ ራሱ ያኔ ገና በግዞት ቤቱ አደባባይ ነው። መልእክቱ፣ በዚያን ቀን አድንሃለሁ፣ በምትፈራቸው ሰዎች እጅም አትሰጥም የሚል ነው።

በምትፈራቸው ሰዎች! ለካ ይፈራ ነበር። ጨርቅ ፍለጋ ወደ ታች ሲወርድ፣ 30ውን ሰው አስከትሎ ሲሄድ፣ ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ ብብትህ ሥር አድርገው ሲል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ እየፈራ ነበር። እኛ አንባቢዎቹ አላወቅንበትም። እግዚአብሔር አውቆበታል። «በእኔ ታምነሃልና» ይላል መጨረሻው።

ይህን አንብቤ ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስንመለስ እማሆይን ጠየቅኳቸው። ቲቸር ጋ ሲወጡ ፈርተው ነበር ወይ አልኳቸው።

«እንዴታ!» አሉኝ። «ምጽዋት ነው ብሎ ቢያባርረኝስ? አስተማሪ ኩሩ ነው። በየፎቁ እየቆምኩ ዳዊት ደገምኩ።»

«ቢያባርርዎትስ ኖሮ?»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ በዚህ ጉልበት አራተኛ ፎቅ የወጣሁ ሴትዮ ነኝ። ሒሳቡ እስኪገባት ድረስ እዚያው ደጁ ላይ እቀመጥ ነበራ!»